ካህን የሚያወጣው መንደር፦ የአብነት ትምህርትና የአገልጋዮች ዝግጅት በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ



 የዛሬው ንግግሬ የሚያተኩረው ለክህነት የሚታጩ ወጣቶች እንዴት እንደሚዘጋጁ ነው። ይህ ርእስ ሲነሣ ብዙውን ጊዜ የምንጠይቀው ስለ ሥርዓተ ትምህርቱ ነው፤ ምን ይማራሉ፣ ስንት ዓመት ይማራሉ፣ ማን ያስተምራቸዋል እንላለን። እኔ ግን ዛሬ ከእነዚህ ቀጥሎ የሚመጣውንና እምብዛም የማይጠየቀውን ጥያቄ ላነሣ እወዳለሁ፤ ይኸውም ተማሪውን የሚያበላው ማን ነው የሚለው ነው። ጥያቄው ተራ መስሎ ሊታያችሁ ይችላል። የአብነት ትምህርት የቆመበትን መሠረት የሚገልጠው ግን ይህ ጥያቄ እንደ ሆነ ለማሳየት እሞክራለሁ።

ለማስረጃ የመረጥሁት አካባቢ የደቡብ ጎንደር ምሥራቃዊ ክፍል፣ ማለትም ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ ነው። አካባቢው በጉና ተራራ ተንተርሶ ወደ በሽሎና ወደ ዓባይ ሸለቆ የሚወርድ አገር ነው። ደጋው ገብስና ድንች፣ ወይና ደጋው ጤፍ፣ ቆላው ማሽላ ያበቅላል። በምሥራቅ በኩል የጨጨሆ በር ጋይንትን ከዋድላ ጋር ያገናኛል። ዋድላ የቅኔ አገር ነው፤ ጋይንት ደግሞ የዜማ አገር ነው። ስለዚህ ጨጨሆ ለነጋዴና ለጦር ብቻ ሳይሆን ለተማሪም በር ነበረ። ቅኔ የተቀኘው ዜማ ፍለጋ ወደ ምዕራብ፣ ዜማ የዘለቀው ቅኔ ፍለጋ ወደ ምሥራቅ ሲሻገርበት ኖሯል።

በቅድሚያ የትምህርቱን ደረጃዎች ባጭሩ ላስታውስ። ልጁ በንባብ ቤት ከፊደል ይጀምራል፤ መልእክተ ዮሐንስን፣ ወንጌልን፣ በመጨረሻም ዳዊትን ይዘልቃል። ዳዊት መድገም የቻለ ልጅ ውዳሴ ማርያምን በዜማ፣ ቀጥሎም የዲያቆን ተሰጥኦውን ተምሮ ለዲቁና ይታጫል። ከዚህ በኋላ መንገዱ ይከፈላል። ዜማ ቤት የገባው ጾመ ድጓን፣ ምዕራፍንና ድጓን ይማራል። ቅዳሴ ቤት የገባው ሰዓታትን፣ ኪዳንንና ዐሥራ አራቱን ቅዳሴያት ያጠናል። ከዚያ ወዲያ ዝማሬ መዋሥዕት፣ አቋቋም፣ ቅኔ፣ በመጨረሻም የብሉያት፣ የሐዲሳት፣ የሊቃውንትና የመጻሕፍተ መነኮሳት ትርጓሜ አሉ። ሁሉንም የሚዘልቀው ጥቂት ሰው ነው። ለቅስና የሚበቃው ብዙው ሰው ከቅዳሴ ቤት ይመለሳል፤ በዲቁናው ሳለ በቁርባን ያገባል ወይም ይመነኩሳል፤ ከዚያም ይቀስሳል።

አሁን ጋይንትን ከሌሎች አገሮች የሚለየውን ነገር ልናገር። በአብነት ትምህርት ማንኛውም ዐዋቂ የተማረውን ማስተማር ይችላል፤ ነገር ግን ወንበር ዘርግቶ በመምህርነት የሚታወቀው ምስክር ያለው ነው። ምስክር የሚሰጡት ቦታዎች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ለቅዳሴ ደብረ ዓባይና ሰለልኩላ፣ ለአቋቋም ጎንደር በኣታ ይጠቀሳሉ። ለድጓ ቤተ ልሔም፣ ለዝማሬ መዋሥዕት ደግሞ ዙር አምባ የታወቁ ናቸው። እነዚህ የመጨረሻዎቹ ሁለቱም ያሉት በጋይንት ነው። በሌላ አነጋገር፣ ከመላው ኢትዮጵያ የተውጣጡ የዜማ መምህራን ዕውቀታቸው የሚመረመርባቸው ሁለት ታላላቅ ጉባኤያት የሚገኙት በአንድ ገጠራማ አውራጃ ውስጥ ነው።

የቤተ ልሔም ምስክር ምን እንደ ሆነ ማስተዋል ይገባል። ድጓ የዓመቱን በዓላት ሁሉ የሚከተል የዜማ መጽሐፍ ነው፤ በዮሐንስ፣ በአስተምሕሮና በፋሲካ ይከፈላል፤ የዐቢይ ጾም ድርሻ በጾመ ድጓ ለብቻው ይገኛል። ዜማው በግዕዝ፣ በዕዝልና በአራራይ ይዜማል። ከቃሉ በላይ የሚጻፉት ምልክቶች፣ እነ ድፋት፣ ሂደት፣ ቅናት፣ ይዘት፣ ቁርጥ፣ ጭረት፣ ርክርክና ደረት፣ ዜማውን ለሚያውቅ ሰው ማስታወሻ ናቸው እንጂ ለማያውቅ ሰው መምህር አይሆኑም። የምልክቶቹ ሥርዓት በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ በ16ኛው መቶ ዓመት፣ ከበሽሎ ማዶ በአማራ ሳይንት በተድባበ ማርያም በነበሩት በአዛዥ ጌራና በአዛዥ ራጉኤል እንደ ተደራጀ ይተረካል። ይሁን እንጂ ምልክቱ ቢጻፍም ዜማው ከአፍ ወደ ጆሮ ካልተላለፈ ይጠፋል። ስለዚህ ለምስክር የሚመጣው ተማሪ ሌላ ቦታ ዓመታት የተማረውን ድጓ በመምህሩ ፊት እንደ ገና ይወጣል፤ መጽሐፉን ራሱ በእጁ ጽፎ፣ ምልክቱን አስተካክሎ ያቀርባል። መምህሩ የሚያርመው ሰውየውንና መጽሐፉን አብሮ ነው። ቆማና አጫብር የሚባሉ ሌሎች የዜማ ስልቶች ቢኖሩም በስፋት የተሠራጨው የቤተ ልሔም ስልት የሆነው ከዚህ የተነሣ ይመስለኛል። በዚያ የታረመው ተማሪ ወደ አገሩ ተመልሶ ሌላውን ያርማል፤ እርማቱም ከአንድ ምንጭ እየወጣ ወደ አራቱም ማዕዘን ይደርሳል።

ዙር አምባም እንዲሁ ነው። በትውፊት ቅዱስ ያሬድ በዚያ ተቀምጦ ዝማሬ መዋሥዕትን እንዳስተማረ ይነገራል። ዝማሬ በቅዳሴ ፍጻሜ ከቁርባን በኋላ የሚቀርብ ዜማ ሲሆን ኅብስት፣ ጽዋዕ፣ መንፈስ፣ አኮቴትና ምስጢር ተብሎ በአምስት ይመደባል። መዋሥዕት ደግሞ የሙታን መሸኛ ነው። ሰው ሲሞት በቀብሩ ላይ በሥርዓቱ የሚዜምለት አገልጋይ ማግኘቱ በዚህ ጉባኤ መኖርና አለመኖር ላይ የተመሠረተ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ልዩነት ላሳይ። ምስክር የሚሰጠው መምህሩ ነው፤ ክህነት የሚሰጠው ግን ጳጳሱ ነው። ሁለቱ ሥልጣኖች በታሪካችን የተለያዩ ሆነው ኖረዋል። ከሊቃውንቱ መካከል ክህነት ሳይቀበሉ በደብተራነት የኖሩ ብዙዎች ናቸው፤ በአንጻሩ ጥቂት ተምረው ክህነት የተቀበሉም ብዙዎች ናቸው። የዚህ አንዱ ምክንያት የጳጳሳት ማነስ ነበር። ለብዙ ዘመናት አገሪቱን የሚባርካት ከእስክንድርያ የሚላክ ጳጳስ ነበር፤ እርሱም ሲሞት ተተኪው እስኪመጣ ዓመታት ያልፉ ነበር። በ1520ዎቹ እ.ኤ.አ. በዐፄ ልብነ ድንግል ዘመን አገራችንን የጎበኘው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ፣ በአንድ ቀን ከሁለት ሺህ በላይ ሰዎች ሲቀስሱ ማየቱን ጽፏል። ፈተናው ከመጽሐፍ ጥቂት ቃል ማንበብ ነበር። ሕፃናትም ዲቁና ሲቀበሉ አይቶ ተደንቋል። አልቫሬዝ የታዘበው እውነት ነው፤ ያላየው ነገር ግን አለ። ጳጳሱ በአንድ ቀን የሾማቸውን ሰዎች ከዚያ ቀን በፊትም በኋላም የሚያስተምራቸው በየገጠሩ የተዘረጋው ጉባኤ ነበር። እነዚያ ሕፃናት ዲያቆናት ከሹመቱ ማግሥት ወደ መምህራቸው ጎጆ ተመልሰው ትምህርታቸውን ይቀጥሉ ነበር።

በ1921 ዓ.ም. አራት ኢትዮጵያውያን አባቶች ጵጵስና ሲቀበሉ፣ በ1943 ዓ.ም. አቡነ ባስልዮስ ሊቀ ጳጳስ ሲሆኑ፣ በ1951 ዓ.ም. ደግሞ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ፓትርያርክ ሲሾሙ፣ የጳጳሳት ማነስ እየተቃለለ መጣ። ዛሬ ለሹመት ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልግም። ስለዚህ የጥንቱ ሰበብ ቀርቷል፤ የቀረው ጥያቄ የዝግጅቱ ነው።

እንግዲህ ወደ መነሻዬ ጥያቄ ልመለስ። ይህን ሁሉ ዝግጅት የሚሸከመው ማን ነው?

በምዕራቡ ዓለም የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን በትሬንት ጉባኤ በ1563 እ.ኤ.አ. እያንዳንዱ ሀገረ ስብከት የካህናት ማሠልጠኛ እንዲያቋቁም ስትወስን፣ ወጪው ከሀገረ ስብከቱ ገቢዎች ላይ በሚነሣ መዋጮ እንዲሸፈን አብራ ደንግጋለች። ትምህርት ቤቱ ሲታሰብ በጀቱም ታሰበ ማለት ነው። በእኛ አገር የጉባኤ ቤቱ በጀት የተጻፈበት ድንጋጌ የለም። በጀቱ በአኩፋዳ ውስጥ ነው። ተማሪው ደበሎውን ደርቦ፣ ዘንጉን ይዞ፣ በእንተ ስማ ለማርያም እያለ በየደጁ ይቆማል። የቤቱ እመቤት ቁራሽ እንጀራ ወይም አንድ እፍኝ ቆሎ ትሰጠዋለች። ተርፎ የደረቀው ኮቾሮ ለክፉ ቀን ይቀመጣል። በበዓልና በተዝካር ቀን ደግሞ ተማሪው ከካህናቱ ጋር ይጠራል።

ለምሳሌ ያህል አርባ ተማሪዎች ያሉትን አንድ ጉባኤ እናስብ። እያንዳንዱ ተማሪ በቀን አንድ እንጀራ ብቻ ቢበላ በዓመት 14,600 እንጀራ ያስፈልጋል። ይህ ሁሉ የሚወጣው ከጥቂት መንደሮች ምጣድ ነው። ስለዚህ ለካህናት ዝግጅት ትልቁን ድርሻ የሚያዋጡት ቤተ ክህነት ሳትሆን፣ እነርሱ ራሳቸው በክህነት የማያገለግሉት የገጠር እናቶች ናቸው። ይህን ለማስዋብ አልተናገርሁትም፤ በሒሳብ ቢሰላ የሚገኘው ውጤት ይህ ነው።

መንደሩስ ምን ያገኛል? በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት ቅዳሴ ለመቀደስ ቢያንስ አምስት ልዑካን፣ ማለትም ሁለት ካህናትና ሦስት ዲያቆናት ያስፈልጋሉ። ካህናቱ ቢገኙም ሦስት ዲያቆናት የሌሉት አጥቢያ አይቀድስም። በገጠር እነዚያ ዲያቆናት አብዛኛውን ጊዜ የጉባኤ ቤት ተማሪዎች ናቸው። መንደሩ ተማሪውን ያበላል፤ ተማሪው ለመንደሩ ይቀድሳል፣ ሙታኑን ያስፈታል፣ ልጆቹን ፊደል ያስቆጥራል። ልመና መስሎ የሚታየው ነገር በእርግጥ ልውውጥ ነው። ለዚህም ነው አንድ ጉባኤ ሲበተን በዙሪያው ያሉ በርካታ አብያተ ክርስቲያናት አብረው የሚዘጉት።

ይህ ልውውጥ ዛሬ ከሦስት አቅጣጫ ተፈትኗል።

የመጀመሪያው የመሬት ነገር ነው። ከ1967 ዓ.ም. በፊት አብያተ ክርስቲያናት መሬት ነበራቸው፤ መምህሩና አገልጋዩ ከዚያ ድርሻ ነበረው። በየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬትን የሕዝብ ያደረገው አዋጅ ያን ሥርዓት አፈረሰ። አዋጁ ለጭሰኛው ያስገኘውን ፍትሕ አልክድም። ነገር ግን መምህሩን ከመሬቱ ሲለየው በምትኩ የተተካለት ነገር አልነበረም። ከዚያ ወዲህ መምህሩም እንደ ተማሪው በሕዝቡ ቸርነት የሚኖር ሆነ።

ሁለተኛው የድርቅ ነገር ነው። ጋይንትና ስማዳ የተሸረሸረ መሬትና የሚዋዥቅ ዝናብ ያላቸው፣ የምግብ እጥረት የሚደጋገምባቸው ወረዳዎች ናቸው። በ1997 ዓ.ም. የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ሲጀመር ከታቀፉት መካከል ናቸው። እስቲ የዚህን ትርጉም እናስተውል። የኢትዮጵያ ዜማ የሚታረምባቸው ጉባኤያት ያሉት የዓመት ቀለቡን ለማሟላት ድጋፍ በሚያስፈልገው ገበሬ መካከል ነው። በክረምት፣ ጎተራው ሲራቆት፣ እናት ለልጇ የምትቆርሰውን ለተማሪው ትከፍላለች። ያ ቁራሽ ሲቀንስ ተማሪው መምህሩን ጥሎ ወደ ሌላ አገር ይሄዳል ወይም ትምህርቱን ይተዋል። ዜማ ደግሞ በየዕለቱ ካልተደገመ የሚሸሽ ዕውቀት ስለሆነ፣ አንድ ክረምት የተቋረጠ ትምህርት ለብዙ ወራት ድካም ይዳርጋል።

ሦስተኛው የመንገድና የሰላም ነገር ነው። የአብነት ተማሪ ከመምህር ወደ መምህር የሚጓዝ መንገደኛ ነው፤ ትምህርቱ በአንድ ቦታ አይፈጸምም። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ነፋስ መውጫ ደርሶ ነበር፤ ከዚያ በኋላም በክልሉ የጸጥታው ችግር አልተቋረጠም። ማንነቱን የሚያውቅለት ሰው በሌለበት አገር ዘንግና አኩፋዳ ይዞ የሚጓዝ ወጣት ቀድሞ በየደረሰበት እንግዳ ሆኖ ያድር ነበር፤ ዛሬ ግን መጀመሪያ የሚገጥመው ጥርጣሬ ነው። መንገድ ሲዘጋ የሚቋረጠው የአንድ ልጅ ትምህርት ብቻ አይደለም፤ ከቅኔ ቤት ወደ ዜማ ቤት፣ ከዜማ ቤት ወደ ምስክር ቤት የሚወስደው ሰንሰለት ነው።

በዚህ ላይ የዘመናዊው ትምህርት አለ። ወላጆች ልጃቸው መንግሥት ትምህርት ቤት ገብቶ ሥራ እንዲይዝ ይመኛሉ፤ ይህንም መንቀፍ አይገባም። ቤተ ክርስቲያንም በበኩሏ መንፈሳዊ ኮሌጆችን አቋቁማለች። በ1930ዎቹ የተመሠረተው የቅድስት ሥላሴ ኮሌጅ በደርግ ዘመን ተዘግቶ ከሥርዓቱ ለውጥ በኋላ እንደ ገና መከፈቱ ይታወቃል። ከኮሌጅ የሚወጣው ደቀ መዝሙር ነገረ መለኮትን፣ የቤተ ክርስቲያን ታሪክንና ስብከትን በሥርዓት ይማራል፤ ደመወዝና የሥራ ቦታም ያገኛል። የቤተ ልሔም ምስክር ያለው መሪጌታ ግን ሠላሳ ዓመት ደክሞ ተመሳሳይ ዕድል ላያገኝ ይችላል። ወጣቱ ይህን አይቶ ሲመርጥ ልንፈርድበት አንችልም። ነገር ግን ኮሌጁ ራሱ የሚመሠረተው በንባብ ቤትና በቅዳሴ ቤት ላይ ነው። ዳዊት ሳይደግም፣ ቅዳሴ ሳያጠና ለክህነት የሚበቃ ሰው የለም፤ እነዚህን ደግሞ ኮሌጁ እንዳሉ ይቆጥራቸዋል እንጂ ከመሠረታቸው አያስተምራቸውም።

በዚህ ጉዳይ ከአባቶች የሚሰማ አንድ ብርቱ ተቃውሞ አለ፤ ሳላነሣው ባልፍ አግባብ አይሆንም። ቀፈፋ ራሱ ትምህርት ነው ይላሉ። ነገ በድሀው ቤት ገብቶ የሚያጽናና ካህን ዛሬ በድሀው ደጅ ቆሞ መለመን አለበት፤ በደመወዝና በመኝታ ቤት ያደገ ካህን የገበሬውን ረኀብ አያውቅም ይላሉ። ይህ ቃል ከባድ እውነት አለው። የአብነት ተማሪ ትዕግሥትን፣ ትሕትናንና የሕዝቡን ኑሮ የሚማረው በመጽሐፍ አይደለም። ስለ ካህን ጠባይ የሐዋርያው መልእክት የሚጠይቀውን እንግዳ መቀበልና ትዕግሥት ከዚህ የተሻለ የሚያስተምር ቤት አላውቅም።

ሆኖም ሁለት ነገሮችን መለየት ይገባናል። በፈቃድ የሚለመን ቁራሽ ትሕትናን ያስተምራል፤ የማይገኝ ቁራሽ ግን የሚያስተምረው ነገር የለም፤ ተማሪውን ይበትናል። በጎተራው እህል ያለው ገበሬ ሲሰጥ ልውውጡ ሙሉ ነው፤ እህል የሌለው ገበሬ ሲጠየቅ ግን ሸክሙ ፍትሕ የለውም። አባቶቻችን ቀፈፋን በትምህርት መሣሪያነት ሲሠሩበት ከበስተኋላው የቤተ ክርስቲያን መሬት፣ የመሳፍንትና የነገሥታት ድርጎ ነበረ። ዛሬ ያ ሁሉ ቀርቶ ሸክሙ በሙሉ በመንደሩ ላይ አርፏል። ስለዚህ ጥንቱን ጠብቀናል ስንል በእርግጥ የጠበቅነው ግማሹን ነው።

ከዚህ በመነሣት ሦስት ሐሳቦችን አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ የምስክር ጉባኤያት የመላው ቤተ ክርስቲያን ንብረት ስለሆኑ ቀለባቸውም የመላው ቤተ ክርስቲያን ዕዳ ሊሆን ይገባል። በአዲስ አበባም ሆነ በውጭ አገር በበዓላት ቀን ድጓ ሲቆም የሚሰማ ምእመን፣ ያ ዜማ የታረመው በጋይንት ገበሬ እንጀራ መሆኑን ማወቅ አለበት። የከተማ አድባራት ለእያንዳንዱ የምስክር ጉባኤ የዓመት ቀለብ ቢመድቡ፣ በተለይም ከሰኔ እስከ መስከረም ያሉትን ወራት የሚሸፍን የእህል ማከማቻ ቢያቋቁሙ፣ ቀፈፋው ትምህርትነቱን ሳያጣ ረኀቡ ይቀራል።

ሁለተኛ፣ ምስክርና ሹመት ይቀራረቡ። አንድ ወጣት ለዲቁና ወይም ለቅስና ሲቀርብ ያስተማረው መምህር በቃልም በጽሑፍም ሊጠየቅ ይገባል። መምህሩ ተማሪውን በረኀብም በጥጋብም፣ በሌሊትም በቀንም አይቶታል። ስለ ዕውቀቱና ስለ ጠባዩ ከመምህሩ የተሻለ የሚመሰክር የለም። ይህ ሲሆን መምህሩም ክብር ያገኛል፤ ሹመቱም ይታመናል።

ሦስተኛ፣ ኮሌጆችና ዩኒቨርሲቲዎች የምስክርን ዋጋ ይወቁ። የድጓ ወይም የዝማሬ መዋሥዕት ምስክር ያለው ሰው በዕውቀቱ ልክ ደረጃ ሊሰጠውና በመምህርነት ሊቀጠር ይገባል። የኮሌጅ ደቀ መዛሙርትም ከትምህርታቸው ዘመን ጥቂቱን በአንድ ጉባኤ ቤት ጎጆ ቀልሰው ቢያሳልፉ ኮሌጁ የማይሰጣቸውን ነገር ያገኛሉ። የአብነት ተማሪውም እኩሌታውን ቀን በመንግሥት ትምህርት ቤት እንዲውል ሰዓቱ ቢመቻችለት ከሁለት አንዱን ለመተው አይገደድም።

ክቡራን፤ ስለ አብነት ትምህርት ስንነጋገር ብዙ ጊዜ ስለ ብራና መጻሕፍት መጥፋት እንጨነቃለን፤ መጨነቃችንም ትክክል ነው። ነገር ግን መጽሐፉ በፎቶግራፍ ሊቀመጥ ይችላል፤ ዜማውም በድምፅ ሊቀረጽ ይችላል። በፎቶግራፍም በድምፅም የማይቀመጠው ተማሪውን እየሰማ፣ እዚህ ላይ ተሳስተሃል ብሎ የሚመልሰው መምህር ነው። ያ መምህር በቤተ ልሔምና በዙር አምባ ዛሬም አለ። እርሱ በወንበሩ እንዲቆይ ተማሪው በጎጆው መቆየት አለበት፤ ተማሪው በጎጆው እንዲቆይ ደግሞ በመንደሩ ምጣድ ላይ እንጀራ መኖር አለበት። የክህነት ዝግጅት ፖሊሲ የሚጀምረው ከዚህ ነው ብዬ አምናለሁ።

 ጥያቄና እርማት ያላችሁ ሁሉ እንድትናገሩ በአክብሮት እጋብዛለሁ።